ናትስ ይዤ ሙሉውን ገፋሁ፣ ተበላሁ። የት ጋ ነው የተሳሳትኩት?

#1 ዘጠኝ ስምንት

ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ማታ የተጫወትኩት አንድ እጅ እንቅልፍ ነሳኝ። እስቲ እናንተ እዩልኝ።

ጨዋታው ፖት ሊሚት ኦማሃ ነው፤ አራት ካርታ በእጅ የሚያዝበት፣ በአንዴ ከፖቱ (መሀል ከተሰበሰበው ቺፕስ) በላይ መጨመር የማይቻልበት ፖከር። ስድስት ሰው ነን፣ ብላይንዱ (ካርታ ሳይታይ የሚገባው ግዴታ) 1 እና 2፣ ሁላችንም ፊት 200 ቺፕስ አለ። እኔ ባተን ላይ ነኝ (መጨረሻ የሚናገረው ቦታ)። ካርታዬ ኪው♥ ጄ♦ 9♥ 8♣ ነው። ከፊቴ ያሉት ሁሉ ጣሉ። ፖት አልኩ (የሚፈቀደውን ከፍተኛ)፣ 7። ትንሹ ብላይንድ ጣለ፣ ትልቁ ከፈለ። ፖቱ 15 ሆነ፣ ለእያንዳንዳችን 193 ቀረን።

ፍሎፕ (መሀል የሚገለጡት የመጀመሪያ ሶስት ካርታዎች)፦ 10♠ 7♠ 6♦።

በ9 እና በ8 ስትሬት (አምስት ተከታታይ ካርታ) ሠራሁ። ከዚህ በላይ እጅ የለም፣ ናትስ ነው። እሱ ቼክ አለ (ሳይወራረድ አሳለፈ)። እኔ 15 አስገባሁ። እሱ ፖት ብሎ ወደ 60 አሳደገው። እኔም ሳላቅማማ የቀረኝን በሙሉ ገፋሁ። እሱም ሳያቅማማ ከፈለ።

ሲገልጥ ኤስ♠ 10♥ 9♦ 8♠። የኔኑ ስትሬት ይዟል፣ በዚያ ላይ ለፍላሽ (አምስቱም አንድ ምልክት) ስፔድ (♠) ይጠብቃል። ተርኑ (አራተኛው ካርታ) 2♣። ሪቨሩ (አምስተኛው) 4♠። ዓይኔ እያየ 401 ቺፕስ ወደሱ ሄደ።

ከሪቨሩ በፊት አንድም ስህተት አይታየኝም። ዕድል ነው ወይስ ሌላ ነገር?

#2 ፎልድ አላውቅም

ዕድል ነው ወንድሜ። ናትስ ናትስ ነው። ናትስ ይዞ የማይገፋ ሰው ዳማ ይጫወት። ነገም ቢመጣልህ ግፋ።

#3 ጋሽ ፖት

ዘጠኝ ስምንት፣ እጁን በደንብ ጽፈኸዋል፤ ብላይንዱም፣ የቀራችሁ ቺፕስም፣ አቀማመጡም አለ። ግን ርዕሱ ላይ «ተበላሁ» ብለህ፣ ዝቅ ብለህ ደግሞ የሰውየውን ካርታ ገለጥክልን። አሁን ማን በንጹሕ አእምሮ ይፈርድልሃል? ኤስ♠ መኖሩን ያየ ሁሉ ነቢይ ነው። ሁለተኛ ስትለጥፍ የምትወስንበት ቦታ ላይ ስትደርስ ቁም። ውጤቱን ሰው ከተናገረ በኋላ ታመጣዋለህ።

ለማንኛውም አንድ ነገር ልጠይቅህ። 60 ሲያደርገው ምን ይዟል ብለህ አሰብክ? አሁን የምታውቀውን ተወው። ያኔ ምን አሰብክ?

#4 ዘጠኝ ስምንት

እውነቱን ልናገር ጋሼ? ምንም አላሰብኩም። «ናትስ አለኝ» የሚለው ነገር ብቻ ነበር ጭንቅላቴ ውስጥ የሚጮኸው።

#5 ጀማሪው

ይቅርታ፣ በመሀል ልግባ። ከሁለት ካርታው ሆልደም ነው ወደዚህ የመጣሁት። ሁለት ነገር አልገባኝም። አንደኛ፣ 60 ከየት መጣ? ፖቱ 15 ነው፣ ውርርዱም 15 ነው። 30 ወይ 45 አይሆንም ነበር? ሁለተኛ፣ ሰውየው ኤስ♠ ብቻ ቢኖረውና ቦርዱ ላይ (መሀል ከሚገለጡት ውስጥ) አራት ስፔድ ቢወጣ ፍላሽ ይሆንለታል?

#6 ቆጣሪዋ

ጀማሪው፣ ከሁለተኛው ልጀምር። አይሆንለትም። ኦማሃ ላይ ከእጅህ ልክ ሁለት፣ ከቦርዱ ልክ ሶስት ነው። አንድ ስፔድ ብቻ የያዘ ሰው ቦርዱ አምስቱም ስፔድ ቢሆን ፍላሽ የለውም። ከሆልደም የመጣ ሁሉ ይህን ትምህርት አንዴ በገንዘቡ ይማረዋል። አንተ በነጻ ተማርከው።

60ውስ? መጀመሪያ እንደከፈልክ አድርገህ አስብ። ፖቱ 15፣ የሱ ውርርድ 15፣ ያንተ መክፈያ 15፣ ድምሩ 45። ከዚያ በላይ መጨመር የምትችለው ይህንኑ 45 ነው። 15 ሲደመር 45፣ 60። ጠረጴዛ ላይ እንዲህ ከምትደምር ግን አቋራጩን ያዝ፦ የመጨረሻውን ውርርድ በሶስት አባዛ፣ ከሱ በፊት ፖቱ ውስጥ የነበረውን ጨምርበት። 45 ሲደመር 15።

አሁን ወደ ዘጠኝ ስምንት እጅ። ቡና ይዤ ቁጭ አልኩና ቆጠርኩት። የሁለታችሁ ስምንት ካርታና ፍሎፑ ሲወጣ 41 ካርታ ይቀራል። ተርኑና ሪቨሩ በ820 መንገድ ሊመጡ ይችላሉ። ከነዚህ ውስጥ፦

በ341ዱ እሱ ያሸንፋል። አብዛኛው ስፔድ ነው፣ ጥቂቱ ደግሞ 10 ወይ ኤስ እየተደራረበ የሚመጣለት ፉል ሀውስ (ሶስት አንድ ዓይነትና ጥንድ)።

በ104ቱ አንተ ታሸንፋለህ። 8 ወይ 9 ሲወጣ ጄህ ትሠራለች፣ ስትሬትህ ከሱ ይበልጣል። ኬ ከኤስ ጋር፣ ወይ ከኪው፣ ወይ ከጄ ጋር ሲመጣም እንደዚያው።

በቀሩት 375ቱ ትካፈላላችሁ።

በመቶኛ ሲሆን እሱ 42 ገደማ፣ አንተ 13 ገደማ፣ እኩል 46 ገደማ። የተካፈላችሁትን ለሁለት ስናካፍል ያንተ ድርሻ 35.5 ነው። ናትስ ይዘህ 35.5! ፖቱ 401 ስለሆነ ድርሻህ 143 ቺፕስ ያህል ነው። ለዚያ ብለህ ከ15ቱ በኋላ 178 አስገባህ። ከመጣል እንኳ በ35 ቺፕስ የከፋ ነው።

በግማሽ ለሚጠጋው ጊዜ ከፍሎፑ ጀምሮ 193 አስገብተህ ያንኑ ታወጣለህ፤ ትርፉ ከፍሎፑ በፊት ያስገባችሁት ብቻ ነው። ይህ እንግዲህ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው። በቀረው ጊዜ ደግሞ እሱ ካንተ ከሶስት ጊዜ በላይ ያሸንፋል።

#7 ፎልድ አላውቅም

እሺ ቆጣሪዋ፣ ስሌትሽ ልክ ነው። ግን እሱ ልክ ያን ካርታ ይዞ ነው የቆጠርሽው። ሌላ ስንት ነገር ሊይዝ ይችል ነበር? ሴትስ ቢይዝ?

(ሶስት አንድ ዓይነት ማለቴ ነው። ባለፈው ስልክ ላይ «ሴት ይዤ ስጠብቃት ሌላ መጣችና አበላሸችኝ» ስል ባለቤቴ ሰምታ ለሶስት ቀን አኮረፈች። የዚህ ጨዋታ ቋንቋ በአማርኛ አደጋ አለው። «ድሮ» (የሚጠበቅ ካርታ) ስትል የጥንት ዘመን፣ «ቤት» (ውርርድ) ስትል መኖሪያ።)

#8 ዘጠኝ ስምንት

እኔም ልለው የነበረው ይህንኑ ነው። ሶስት 10 ቢይዝ እየመራሁት አይደለም?

#9 ቆጣሪዋ

ትመራዋለህ። ስፔድ ሳይኖረው ሴት ብቻ ይዞ ከሆነ ቦርዱ ጥንድ ካልሆነለት ያልቅለታል። ተርኑ ላይ 7 ካርታ ያድነዋል፣ ካልመጣለት ሪቨሩ ላይ 10። ድምሩ ከመቶ 37 አካባቢ ነው። የቀረው 63 ያንተ ነው።

ግን አንድ ነገር ልብ በል። አንተ ስትገፋ እሱ 133 ጨምሮ 401 ለመውሰድ ነው የሚጠየቀው። ከመቶ 33 ካለው ይበቃዋል። ሴቱ 37 አለው። ፍላሽ ብቻ የሚጠብቅ ሰውም 39 አለው። ማንም አይጥልልህም። ማለትም ግፊትህ ደካማውን አያስፈራም፣ ጠንካራውን ያስደስታል። ከደካሞቹ የምታገኘው ትርፍ ይኖራል፣ አልክድም። ሴት ብቻ ካለው መግፋቱ በጣም ያዋጣሃል። ጥያቄው ከትልቁ ብላይንድ ቼክ ብሎ ሙሉ ፖት የጨመረ ሰው ስንት ጊዜ ሴት ብቻ አለው፣ ስንት ጊዜ ደግሞ ካንተ እኩል ሆኖ ሌላ ነገር ደርቦ ይዟል የሚለው ነው።

አንድ የሚያጽናናህ ነገር አለ። 9 እና 8 አንተ ጋ ስላሉ ለሱ የሚቀሩት ሶስት 9 እና ሶስት 8 ናቸው። 9 እና 8 የሚገጣጠሙባቸው መንገዶች ከ16 ወደ 9 ወርደዋል። የማያጽናናው ደግሞ እጅህ ላይ አንድም ስፔድ የለም። ስፔዱ ሁሉ ውጭ ነው ያለው።

#10 ጋሽ ፖት

ቆጣሪዋ ቁጥሩን ጨርሳዋለች። እኔ ስለ ጥልቀቱ ልናገር፣ ምክንያቱም ስህተቱ ያለው እዚያ ነው።

ፍሎፑ ሲወጣ ፖቱ 15፣ የቀራችሁ 193። አሥራ ሶስት ፖት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። እንዲህ ጥልቅ ሲሆን ጥያቄው «አሁን ማን ይመራል?» አይደለም። «ሁሉም ቺፕስ ሲገባ ማን ጋ የሚጨመር ነገር አለ?» ነው። ያንተ እጅ አሁን ጥሩ ነው፣ ግን ብዙም አያድግም። የሚያድገው በጥቂት 8 እና 9 ነው፣ ከስድስቱ ሁለቱ ደግሞ እሱ እጅ ላይ ናቸው። የሱ እጅ አሁን ጥሩ ነው፣ በዚያ ላይ ያድጋል። ኦማሃ ላይ ትልቅ ገንዘብ የሚጠፋው በቀሽም እጅ አይደለም። ቀሽሙን ሁሉም ይጥለዋል። የሚጠፋው እንዲህ ባለ ልጅ በሌለው ናትስ ነው።

እኔ ብሆን 60ውን ከፍዬ ተርኑን አያለሁ። ባተን ላይ ነኝ፣ ከኔ በፊት እሱ ይናገራል። ፖቱ 135፣ የቀረን 133። ስፔድ ከወጣና ከገፋ እጥላለሁ። ባዶ ካርታ ከወጣ ያኔ ሙሉውን አስገባለሁ።

በ80 ቺፕስ ብትጫወቱ ኖሮ ግን ይህን ሁሉ አላወራም። ከ60ው በኋላ 13 ብቻ ነበር የሚተርፍህ። ገፍተህ ወደ ኩሽና ሄደህ ውሃ ትጠጣለህ።

#11 ቆጣሪዋ

የጋሽ ፖትን መንገድ በቁጥር አየሁት። ያን ካርታ የያዘ ሰው ፊት መግፋት 35 ቺፕስ ያስከፍላል አልን። ከፍሎ ተርኑን ማየት፣ ስፔድ ሲመጣ መጣል፣ በሌላው ሁሉ ማስገባት ቢሆን ኪሳራው ወደ 6 ይወርዳል።

ልዩነቱ ከየት መጣ? ከአንድ ቦታ ብቻ። ከ41 ካርታ 9ኙ ስፔድ ናቸው። ስፔድ በመጣ ቁጥር 133 ቺፕስ ኪስህ ውስጥ ይቀራል። 133 በ9 ተባዝቶ ለ41 ሲካፈል 29። ይኸው ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም።

ትናንት የመጣውን ተርን እንውሰድ፣ 2♣ን። እዚያ ላይ ብታስገባ ከ40 ካርታ 9ኙ ለሱ፣ 3ቱ ላንተ፣ 28ቱ እኩል። ድርሻህ 42.5 ነው። 133 አስገብተህ 170 ነው የሚመለስልህ። ከዚህ የባሰ ተጋጣሚ ብዙም የለህም፣ ከሱም ጋር እንኳ እዚያ ቦታ ላይ ማስገባት ያዋጣል። ሪቨሩ 4♠ ሆኖ መበላትህ አይቀርም ነበር፤ እሱ ግን ያኔ ዕድል ይባላል።

#12 የማታ ተረኛ

በዚህ ክር ላይ ሁሉም የተስማማ መሰለ። እኔ አልተስማማሁም።

«ከፍለህ ተርኑን እይ» ወረቀት ላይ ያምራል። ጠረጴዛው ላይ ግን ዘጠኝ ስምንት የሱን ካርታ አያይም። የሚያየው የራሱን አራትና ፍሎፑን ነው። ስለዚህ 45 ካርታ አለ። የሚያስፈራው ስንቱ ነው? 11 ስፔድ። ቦርዱን ጥንድ የሚያደርጉ ሶስት 10፣ ሶስት 7፣ ስፔድ ያልሆኑ ሁለት 6። ድምር 19። ከ45ቱ 19ኙ፣ ከመቶ 42 ማለት ነው፣ ፊትህን የሚያጠቁር ነው።

አሁን ሰውየው ብልጥ ከሆነ በ19ኙም ላይ ፖት ይላል። ስፔድ ሲወጣ ሴት ይዞ ይገፋሃል፣ ጥንድ ሲወጣ ፍላሽ እየጠበቀ ይገፋሃል። አንተ ናትስ ነበረኝ እያልክ ትጥላለህ። ቆጣሪዋ የቆጠረችው አንተ በትክክል የምትጥልበትን ብቻ ነው። በስህተት የምትጥልበትስ?

በዚያ ላይ ባዶ ካርታ ሲመጣ ሴት የያዘው ሰው አሥር ካርታ ብቻ ነው የሚቀረው። ያኔ ልጣል ካለ በቀላሉ ይጥላል። ፍሎፑ ላይ 133 ጨምሮ ይከፍልህ የነበረው ሰው ተርኑ ላይ አይከፍልህም። የምትሸሸውን ኪሳራ ሸሽተህ የምታገኘውንም ትርፍ ትተኸዋል።

#13 ጋሽ ፖት

የማታ ተረኛ፣ ይህ ጥሩ ክርክር ነው። አልንቀውም። 19ኙን ሁሉ የሚገፋ ሰው ካለ ፊቱ ላይ ከፍሎ መጠበቅ ያስቸግራል። ግን እስቲ ንገረኝ፣ እንዲህ ዓይነት ሰው ስንት አይተሃል? እኔ በማውቃቸው ጠረጴዛዎች ላይ ስፔድ ሲወጣ ሴት የያዘው ሰው ቼክ ነው የሚለው። እሱም ይፈራል እኮ! ፖት ካለ ፍላሹ አለው።

#14 የማታ ተረኛ

ጋሽ ፖት የሚጫወቱት ከጨዋ ሰዎች ጋር ነው። እኔ የምጫወተው ሌሊት ነው። እንቅልፍ ያጣ ሰው ቼክ ማለት አያውቅም።

#15 ቆጣሪዋ

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ ማለት አልወድም፣ ግን ልዩነታችሁ ስለ ሰውየው ነው እንጂ ስለ እጁ አይደለም። ፍሎፑ ላይ በሴትም፣ በሁለት ጥንድም፣ ስፔድ ብቻ ይዞም ፖት የሚል ሰው ከሆነ መግፋት ያዋጣል። በዚህ ቦታ ላይ ፖት የሚለው ስትሬት ደርቦ ሌላ ነገር ሲኖረው ብቻ ከሆነ መክፈል እንኳ ያጠራጥራል።

ዘጠኝ ስምንት፣ ይህን ሰው ምን ያህል ታውቀዋለህ?

#16 ዘጠኝ ስምንት

ሁለት ሰዓት ያህል አብረን ተቀምጠናል። አሁን ሳስበው... ከዚያ በፊት አንድም ጊዜ ፍሎፕ ላይ ጨምሮ አያውቅም። ሲከፍል ነው ያመሸው። አንዴ ሶስት 8 ይዞ እስከ ሪቨር ቼክ፣ ክፍያ፣ ቼክ፣ ክፍያ ሲል አይቼዋለሁ።

#17 የማታ ተረኛ

ይህን ከመጀመሪያው ብትነግረን ኖሮ አሥራ አምስት መልስ አንጽፍም ነበር። ሴት ይዞ የማይጨምር ሰው 60 ሲያደርገው! ሃሳቤን ቀየርኩ። ክፈል እንጂ አትግፋ። ለመጣልም ይቃጣኛል።

#18 ፎልድ አላውቅም

እሺ ተሸነፍኩ፣ ግን በናትስ ብቻ። አሁን የኔን ስሙኝ። ትልቁ ብላይንድ ላይ ኤስ♠ ኤስ♦ 7♣ 2♥ መጣልኝ። ባተኑ 7 አደረገ። ፖት አልኩ፣ 22። ከፈለ። ፖቱ 45። ፍሎፕ ጄ♥ 10♥ 8♣። 45 አስገባሁ፣ እሱ ሙሉውን 178 ገፋ። ከፈልኩ። ኪው እና 9 ይዟል። ኤስ ኤስ እንዴት ይጣላል?

#19 ቆጣሪዋ

የሚገርመው ቁጥሩ አንድ ዓይነት ነው። አንተም 133 ጨምረህ 401 ለመውሰድ ነው የተጠየቅከው። ከመቶ 33 ያስፈልግሃል። በዚያ ቦርድ ላይ ስትሬት ከያዘ ሰው ጋር የሚያድንህ የለም ማለት ይቻላል። ሁለት ልብ (♥) እንኳ የለህም።

#20 ጋሽ ፖት

ፎልድ አላውቅም፣ ያንተ ችግር ፍሎፑ ላይ አልጀመረም። ኦማሃ ላይ ኤስ ኤስ ከ39 እጅ አንዴ ገደማ ይመጣል። ሆልደም ላይ ከ221 አንዴ ነው። ብርቅ አይደለም። ያንተ ደግሞ ሁለቱ ጓደኞቹ 7 እና 2፣ ሁሉም በተለያየ ቀለም። ሁለት ካርታ ይዘህ ከአራት ካርታ ጋር ነው የተጋጠምከው። ከዚህ ሁሉ ጋር ከሱ በፊት ትናገራለህ። ፖት ስትል «ኤስ ኤስ አለኝ» ብለህ ጮህክ፣ 178 ቺፕስ ከኋላ ተውክ። እሱ ያንተን ያውቃል፣ አንተ የሱን አታውቅም።

80 ቺፕስ ቢኖርህ ከ22 በኋላ 58 ነው የሚቀርህ፣ ፖቱ 45። ያኔ ግፋ፣ ተመርቀሃል። በ200 ግን እንዲህ ያለውን ኤስ ኤስ ብትከፍል ይሻልሃል። ሌላ ኤስ ከመጣ ታያለህ፣ ካልመጣ 7 ቺፕስ ነው የጠፋው።

#21 ጀማሪው

በጣም የሚገርም ክር ነው። አንድ ነገር ልጠይቅ። «ራፕ» የሚባለውን እየሰማሁ ነው። ስትሬት የሚጠብቅ ነው አይደል? ኤስ ኤስ ከያዘው ሰው ይልቅ የሚጠብቀው ይሻላል የሚባለው ተረት ነው?

#22 ቆጣሪዋ

ተረት አይደለም፣ ግን ሁሌም እውነት አይደለም። ጄ፣ 10፣ 7፣ 6 ይዘህ ፍሎፑ 9፣ 8፣ 2 ቢሆን ኪው፣ ጄ፣ 10፣ 7፣ 6፣ 5 ሁሉ ስትሬት ይሠሩልሃል። ድምር 20 ካርታ። በሁለት ካርታ ውስጥ አንዱ የመምጣት ዕድሉ ከመቶ 70 ያህል ነው። ሆልደም ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም።

ግን ከሃያዎቹ የትኛው ናትስ ይሠራልሃል? 5 ሲመጣ የ7 እና የ6 ስትሬት አለህ፣ ሌላው ደግሞ 7 እና 6 ብቻ ሳይሆን ሌላም ደርቦ ሊይዝ ይችላል። 6 ሲመጣ 10 እና 7 ናትስ ነው። 10 ሲመጣ የሚሠራልህ ጄ እና 7 ነው፣ ኪው እና ጄ የያዘው ግን ይበልጥሃል። ኪው፣ ጄ፣ 10 ይዘህ ቢሆን 13 ካርታ ብቻ ነበር የምትጠብቀው፣ ግን ስታገኘው ናትሱ ያንተ ነው። እኔ አስራ ሶስቱን እመርጣለሁ። ናትስ የማይሠራ ጥበቃ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

#23 ጋሽ ፖት

ፍሎፑ ሁለት ስፔድ ካለበት ደግሞ ከሃያዎቹ ላይ ስፔዶቹን ቀንስ። ይህን ሳይቀንስ የሚገፋ ስንቱን አየሁ።

#24 ዘጠኝ ስምንት

ከሶስት ቀን በኋላ ተመልሻለሁ። አመሰግናለሁ፣ ሁላችሁንም። ቆጣሪዋ፣ 820ውን እኔም በእጄ ቆጠርኩት። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ፣ መጀመሪያ 98 ነበር ያገኘሁት፣ ኬ እና ጄን ረስቼ።

አዲስ እጅ አለኝ። ጋሽ ፖት፣ እንደነገሩኝ አድርጌ ነው የምጽፈው።

እንደገና ባተን፣ እንደገና 200። ኬ♣ ጄ♣ 10♥ 9♥። 7 አደረግሁ፣ ትልቁ ብላይንድ ከፈለ። ሌላ ሰው ነው፣ ብዙ የሚጨምር። ፍሎፕ 9♦ 8♦ 7♠። ጄ እና 10 ናትስ ነው። ቼክ፣ 15፣ 60። አሁን ግን አልገፋሁም። ከፈልኩ።

ተርን 8♣። ወዲያው የቀረውን 133 ገፋ።

እዚህ ላይ ቆምኩ። ውጤቱን አውቀዋለሁ፣ አልናገርም።

#25 ጋሽ ፖት

ጎሽ። እንዲህ ነው የሚለጠፈው።

#26 ፎልድ አላውቅም

የኔ መልስ ስሜ ላይ ተጽፏል፤ መጣል አላውቅም።

#27 የማታ ተረኛ

ብዙ የሚጨምር ሰው ነው ብለሃል። ዳይመንድ እየጠበቀ ሊሆን ይችላል፣ ባለፈው ያልኩት ይኸው መጣ። እኔ ለመክፈል እያጋደልኩ ነው። ቆጣሪዋ የት ናት?

#28 ቆጣሪዋ

እዚህ ነኝ። ፉል ሀውስ ምን ሊሆን ይችላል? ሁለት 9 ለመያዝ አንዷ ቦርዱ ላይ፣ አንዷ ዘጠኝ ስምንት እጅ ላይ ናት። 9♠ እና 9♣ ብቻ፣ አንድ መንገድ። ሁለት 7 ሶስት መንገድ። ሁለት 8 አንድ መንገድ፣ እሱስ አራት 8 ነው፣ ከፉል ሀውስም ይበልጣል። 8 ከ9 ጋር፣ ሁለት 8 እና ሁለት 9 ስለቀረ አራት። 8 ከ7 ጋር ስድስት። በሌላው በኩል ጄ እና 10 የያዘ፣ ዳይመንድ የሚጠብቅ፣ ዝም ብሎ የሚገፋ። 33 ከመቶ ነው የሚያስፈልግህ፣ እንደገና ያው 133፣ ያው 401።

ከመወሰንህ በፊት ይህን ቆጥረህ ነበር?

#29 ዘጠኝ ስምንት

ሁለት 7 ላይ ስደርስ ሰዓቱ ዘጠኝ ሰከንድ ቀረው።